«ይቅርብኝ» ከማለት በፊት፦ ኩርፊያን፣ እልህንና ራስን የሚጎዳ ጠባይን መግራት

ኮምቦልቻ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊው ሰው ፊት የተቆጣው ሠራተኛ ደመወዝ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው «ሥራችሁን ውሰዱት» ብሎ ጥሎ ይወጣል። ባቲ ሰኞ ገበያ ፍየል ይዞ የወረደ ሰው የገዢው አነጋገር ስላስከፋው ብቻ በ300 ብር ልዩነት ፍየሉን እየነዳ የሦስት ሰዓት መንገድ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሰኞ ያንኑ ፍየል በባሰ ዋጋ ይሸጠዋል። ደሴ ውስጥ የቤተሰብ ምሳ ላይ አንዲት ቃል የከነከነቻት እህት «ጠግቤያለሁ» ብላ ከማዕድ ትነሣለች፤ ማታ ሁሉም ሲተኛ ርቧት ጓዳ ትገባለች። ሦስቱም ሌላውን ለመቅጣት ብለው ቅጣቱን ከራሳቸው ኪስና ሆድ ከፈሉ።

ይህ መመሪያ ራሱን እዚህ ውስጥ ላየ ሰው ነው። ባልን፣ ሚስትን ወይም ወንድምን ለመመርመር ካዋላችሁት አይሠራም፤ «አንተ እኮ ገና ልጅ ነህ» የሚል አዲስ ስድብ ያስታጥቃችኋል እንጂ።

እልህ ነው ወይስ መብት?

እምቢታ ሁሉ የልጅ ጠባይ አይደለም። የሠሩበትን ገንዘብ መጠየቅ፣ ስድብን አልቀበልም ማለት፣ ከሚማታ ሰው መራቅ ዋጋ ቢያስከፍልም ተገቢ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። የምፈልገውን ለሚመለከተው ሰው አፍ አውጥቼ ነግሬዋለሁ? ምን ቢደረግልኝ እንደምተው አውቃለሁ? አድሬ ብነሣም ይህንኑ አደርገዋለሁ?

ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ጉዳያችሁ የመብት ነውና አጥብቃችሁ ያዙት። የመጀመሪያው መልስ «አልነገርኩትም፣ ግን ማወቅ ነበረበት» ከሆነ ኩርፊያ ነው። ሁለተኛውን መመለስ ካቃታችሁ እልህ ነው። እልህ ማብቂያውን አያውቅም፤ ይቅርታ ሲጠየቅ «አሁን ምን ዋጋ አለው» ይላል፣ ሳይጠየቅ ሲቀር ደግሞ «አያችሁት!» ይላል። ሦስተኛው «እንጃ» ከሆነ ውሳኔውን ለነገ ማሳደር ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው።

የአፍ ምልክቶችም አሉ። «ይቅርብኝ»፣ ፊት ተኮማትሮ የሚባል «ግድ የለም»፣ «እንደፈለጋችሁ»፣ «እኔ ማን ሆኜ»፣ «ካልሆነማ ሁሉም ይቅር»። ከእነዚህ አንዱ ከአፋችሁ ሲወጣ የምትተዉት ነገር ብዙውን ጊዜ አጥብቃችሁ የምትፈልጉት ነው። እንደ ልጅነት የማይቆጠሩ ግን የሆኑም አሉ፦ ዳግመኛ እንዳይታዘዙ ብሎ ሥራን ሆን ብሎ ማበላሸት፣ ሰው ፊት ሸሙጦ «ቀልዴን ነው» ማለት፣ ቅሬ (ዕድር) ላይ በተነገረ አንድ ንግግር ተቀይሞ መቅረትና መቀጮውን እየከፈሉ መቆየት፣ የመከሩት ሰው ትክክል መሆኑ ስላናደደ ብቻ ተቃራኒውን መሥራት።

ለምን ይደጋገማል

ጠባዩ የሚደጋገመው ቶሎ ስለሚከፍል ነው። ሥራ ጥሎ የወጣው ሰው በሩን ሲዘጋ ለጥቂት ደቂቃ እፎይ ይላል፤ ኪራይ የሚጠየቀው ግን ወር ሲሞላ ነው። አእምሮ ቀድሞ የደረሰውን ክፍያ ከጠባዩ ጋር ያያይዘዋል፤ ዘግይቶ የመጣውን ዕዳ ከሌላ ነገር ጋር፣ ብዙ ጊዜም ከሰው ክፋት ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ «ጉዳቱን እያወቅሁ ለምን አደርገዋለሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምን ሰጠኝ?» የሚለው ይሻላል። መልሱ ከአራት አንዱ ነው፦ ከኀፍረት ሰወረኝ፣ የበላይነት ሰጠኝ፣ እንዲያባብሉኝ አደረገ፣ ወይም ከሚያስፈራ ሥራ አስመለጠኝ።

ማባበሉ በልጅነት የተለመደ ነው። ልጅ «አልበላም» ሲል እናት «እሺ ማሬ፣ አንዲት ጉርሻ» ትላለች፤ ልጁም አለመብላት እንደሚያስከብር ይማራል። እኛ ዘንድ ደግሞ አዋቂ ሆኖም የሚያባብል አይጠፋም። ሰው ባኮረፈ ቁጥር ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ቡና ይፈላል። ሽምግልና የወሎ ትልቅ ሀብት ነው፤ ደም ያደርቃል፣ ትዳር ያተርፋል። ለትንሽ ቅሬታ ሁሉ ሲጠራ ግን ለአኩራፊው ደመወዝ ይሆናል። የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትናገሩት እየቻላችሁ ሽማግሌ እስኪመጣ የምትጠብቁ ከሆነ፣ የምትፈልጉት መፍትሔ ሳይሆን ልመና ነው።

ከሚያስፈራ ሥራ ማምለጡን በጥሩ ያሳየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ ለተማሪዎች ፈተና ሰጡ፤ ለከፊሎቹ የቀረበላቸው ጥያቄ መልስ የሌለው ነበር፤ ያም ሆኖ ሁሉም «ጎበዝ፣ አልፋችኋል» ተባሉ። ከሁለተኛው ፈተና በፊት ችሎታን ያሳድጋል ወይም ያዳክማል ከተባሉ ሁለት መድኃኒቶች እንዲመርጡ ሲጠየቁ፣ መልስ በሌለው ጥያቄ «ያለፉት» ወንዶች ወደሚያዳክመው አደሉ። የመጀመሪያው ውጤት በችሎታቸው እንዳልመጣ ስለጠረጠሩ፣ ቢወድቁ የሚያላክኩበት ነገር ፈለጉ ማለት ነው። የፈተና ዋዜማ በርጫ ተቀምጦ አድሮ «ሳላጠና ገብቼ እኮ ነው» የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪም እንዲሁ ነው። ሰነፍ መባል ደደብ ከመባል ይቀለዋል።

የ14 ቀን ማስታወሻ

ማንኛውንም ጠባይ ለመቀየር ከመነሣታችሁ በፊት ለ14 ቀን መዝግቡት። በእነዚህ ቀናት ለመሻሻል አትሞክሩ፤ መዝግቡ ብቻ። ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝታችሁ ገጹን በስድስት ዓምድ ክፈሉት፦ ሰዓት፣ ቦታና አብሮ የነበረ ሰው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ (ራብ፣ እንቅልፍ፣ ጫት፣ የብር ጭንቀት)፣ በጭንቅላታችሁ ያለፈችው ዓረፍተ ነገር፣ ያደረጋችሁት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያገኛችሁትና በማግሥቱ የከፈላችሁት። ለአንድ ክስተት አንድ መስመር፣ በቀን ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

አራተኛው ዓምድ ከሁሉም ይከብዳል። አብዛኛው ሰው «ተናደድሁ» ብሎ ያልፋል። ንዴት ስሜት ነው፤ የምትፈለገው ከንዴቱ ቀድማ ያለፈችው ቃል ናት። «ናቀኝ»፣ «ሁሌ እኔ ነኝ»፣ «ካሁን በኋላ ምን ቀረኝ»፣ «አሳየዋለሁ»። ካልመጣችላችሁ ክስተቱን ከጀርባ ወደፊት አስታውሱ፦ በሩን ከመዝጋቴ በፊት ምን አልኩ? ከዚያስ በፊት ማን ምን አለ?

መዝገቡን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ገጹን በሌላ ሰው ጥፋት መሙላት ነው፤ ክሱ ከረዘመ ደብተሩ ወደ ቂም መዝገብ ይለወጣል። ሁለተኛው አንድ ቀን ሲዘለል «በቃ ተበላሸ» ብሎ መተው ነው። የተዘለለው ቀን ባዶ ይሁን፤ በማግሥቱ ቀጥሉ። ደግሞ ደብተሩን ቤተሰብ የማያገኘው ቦታ አኑሩት፤ ይነበብብኛል ብሎ የሚጽፍ ሰው ለአንባቢ አስመስሎ ይጽፋል።

በ14ኛው ቀን እስክሪብቶ ይዛችሁ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመውን ክበቡ። ሰፊ ይመስል የነበረው ነገር ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓትና ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጠባል። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለው አንድ ሰዓት፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ይከበባል። ጫት ለሚቅም ሰው ምርቃናው የሚያልቅበት ሰዓት ነው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚንን የሚመስል አነቃቂ ስለሆነ ኃይሉ ሲያልቅ ስሜት ይወርዳል፣ እንቅልፍም ይርቃል። በዚያ ሰዓት የተወሰነ ፍቺ፣ ሽያጭና ስንብት ለነገ ይደር። ቡናም እንዲሁ ይታሰብበት። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው አራት ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ገና አብሮት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ቀን ትንሹም ነገር ይከነክነዋል።

ደም ሲፈላ

በንዴት ሰዓት ረጅም ምክር አይታወስም፤ ስለዚህ የሚደረገው ጥቂት ይሁን። መጀመሪያ የራሳችሁን የሰውነት ምልክት ዕወቁ። የአንዱ መንጋጋው ይጠብቃል፣ የሌላው ጆሮው ይግላል፣ የሌላዋ ድምፅ ይቀጥናል። ምልክቱ እንደታየ በልባችሁ ስሙን ጥሩት፦ «ይህ እልህ ነው»። ስሜትን በቃል መጥራት ግለቱን እንደሚቀንስ በአንጎል ጥናትም ታይቷል። ከዚያ ቆማችሁ ከሆነ ተቀመጡ፤ በእጃችሁ የያዛችሁትን አስቀምጡ። እስከ አራት እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማስወጣቱ ከማስገባቱ መርዘም አለበት፤ ብዙ ሰው በኃይል ስቦ ወዲያው ይለቀዋል፤ ያ ደግሞ ያዞራል እንጂ አያረጋጋም።

መሄድ ካስፈለገ የመመለሻ ሰዓት ተናግራችሁ ሂዱ። «አሁን ደሜ ፈልቷል፤ ከአሱር በኋላ መጥቼ እንነጋገራለን።» የመመለሻ ሰዓት የሌለው መውጣት ለተቀመጠው ሰው ኩርፊያ ነው፤ እናንተ ልትበርዱ የሄዳችሁ ቢሆንም። ጊዜው ከግማሽ ሰዓት አይነስ፣ ከአንድ ቀን አይብለጥ። የግማሽ ሰዓቱ ምክንያት ይህ ነው፦ ግፊት፣ ማለትም «አሁኑኑ አድርገው» የሚል ስሜት፣ ካልተቀለበ ከፍ ብሎ በ20 እና በ30 ደቂቃ መካከል ይወርዳል። የሱስ ሕክምና ባለሙያው አለን ማርላት ሕመምተኞቹን ያስተምር የነበረው ከግፊቱ ጋር መታገልን ሳይሆን ሲነሣና ሲወርድ እያዩ መቆየትን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ንዴትን «ላስወጣው» ብሎ መጮህ፣ ግድግዳ መምታት፣ ወይም ወደ ጦሳ ተራራ አቀበት እየወጡ ነገሩን በልብ መደጋገም አይጠቅምም። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ሙከራ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ጆንያ የደበደቡት ሰዎች ይበልጥ ተናደዱ፤ ዝም ብለው የተቀመጡት ከእነሱ የተሻለ በረዱ። መራመዱ ክፉ አይደለም፤ ሙግቱን ይዞ መራመድ ነው ክፉው። ስለዚህ እጅንና ዓይንን የሚይዝ ሥራ ፈልጉ። ምስር መልቀም፣ የሱቅ ዕቃ መቁጠር፣ የተተረተረ ጫማ መስፋት ጥሩ ናቸው።

ስልክ ደግሞ የዘመኑ ጣጣ ነው። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጠቡም በኢሞ የድምፅ መልእክት ይሄዳል። ሪያድ ያለች እህት «ያ ብር ምን ሆነ?» ብላ ስትጠይቅ ወንድም «ብርሽን አልፈልግም፣ ዳግመኛ እንዳትልኪ» ይላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በስልክ የተቀዳው ደግሞ አሥር ጊዜ ይደመጣል። እሷ ያንን ድምፅ ከእመቤቷ ቤት ሥራ ጨርሳ በሌሊት ብቻዋን ነው የምትሰማው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቁጣ ላይ የድምፅ መልእክት አይላክም። የምትሉትን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አሳድሩት፣ ጧት አንብባችሁ የገንዘቡን ሒሳብ ብቻ ላኩ።

አስቀድሞ የተቆረጠ ዕቅድ

በፈላ ሰዓት የሚያግዘው በበረደ ሰዓት የተዘጋጀው ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳየው «እለወጣለሁ» ከሚል ሐሳብ ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ በተግባር ይፈጸማል። ዕቅዱ ሰዓት ወይም ቦታ ይኑረው፣ የምታደርጉትንም ይንገራችሁ። «አልቆጣም» ዕቅድ አይደለም፤ ቁጣው ሲመጣ በምትኩ ምን እንደምታደርጉ አይነግርም። እነዚህ ይሻላሉ፦

«ኃላፊው ሰው ፊት ከተናገረኝ ‹እሺ፣ ከፈረቃ በኋላ ቢሮ እመጣለሁ› እላለሁ።»

«ገዢው ከ4,800 ብር በታች ካለ ሌላ ሁለት ገዢ ሳላነጋግር ፍየሉን አልነዳም።» ዝቅተኛው ዋጋ ከቤት ሳይወጡ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ገበያ መሐል የሚወሰን ዋጋ ከስድቡ ጋር ይወጣል ይወርዳል።

«ደመወዝ የገባ ቀን ወደ ፒያሳ ከመውረዴ በፊት የዕቁቡን አስገባለሁ።»

በሁለት ሳምንት አንድ ዕቅድ ብቻ ያዙ። ሦስት አራት የሚቆርጡ ሰዎች በሳምንቱ አንዱንም አያስታውሱም።

የደመወዙ ዕቅድ የሚሠራው ብርን ከዓይን ስለሚያርቅ ነው። ዋልተር ሚሼል በ1960ዎቹ መጨረሻ ስታንፎርድ ላይ ሕፃናትን አንድ ጣፋጭ አሁን ወይም ሁለት ቆይተው እንዲመርጡ ሲያደርግ፣ መቆየት የቻሉት ዓይናቸውን የሸፈኑት፣ ፊታቸውን ያዞሩትና የዘፈኑት ነበሩ። ጣፋጩን እያዩ የታገሉት ቶሎ ተሸነፉ። ጥናቱ «ታጋሽ ልጅ ይሳካለታል» እየተባለ ብዙ ተወርቶለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ ልጆች ላይ እንደገና ሲታይ ግን የቤተሰብ ኑሮና ትምህርት ሲታሰብበት ግንኙነቱ በጣም አነሰ። ለኛ የሚጠቅመን የዓይን መሸፈኑ ብልሃት ነው፤ ከእሱ የባሕርይ ፍርድ አታውጡ።

ከኩርፊያ መውጣት

ኩርፊያ ጥያቄ ነው፤ ችግሩ በዝምታ መቅረቡ ነው። ስለዚህ በቃል አቅርቡት። ሦስት ክፍል ይበቃል፦ የሆነው ነገር ሌላ ሰው ቢያየው በሚስማማበት አነጋገር፣ በእናንተ ላይ ያደረሰው፣ የምትጠይቁት። ለአባት፦ «አባ፣ ትናንት እንግዶቹ ፊት ‹ሥራ ፈት› ሲሉኝ አፍሬያለሁ። ሌላ ጊዜ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» ለሚስት፦ «ለእናትሽ ብር ስትልኪ ሳልሰማ ቀረሁ፤ ከሰው አፍ ስሰማው ቅር አለኝ። ከመላክሽ በፊት ንገሪኝ።» ለታላቅ ወንድም፦ «ወንድም ጋሼ፣ መሬቱን ሲያከራዩ አልጠሩኝም፤ እንደ ባዕድ ተሰማኝ። ውሉን አሳዩኝ።»

የሚያበላሹት ቃላት ይታወቃሉ፦ «ሁልጊዜ»፣ «መቼም አንተ»፣ «የዛሬ ሦስት ዓመትም»። አንዱ ከገባ ውይይቱ ከትናንቱ ነገር ወደ ሰውየው ባሕርይ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ማንም አይረታም። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብ። ጥያቄው በዓይን የሚታይ ድርጊት ይሁን፤ «አክብረኝ» አይመዘንም፣ «ውሉን አሳየኝ» ይመዘናል።

ለመናገር ቃል የማይመጣለት ሰው አለ። ለእሱ አንድ አጭር ድልድይ ይበቃዋል፦ «ቅር ብሎኛል፤ ገና ለመናገር አልደረስኩም፤ ማታ እነግርሃለሁ።» ይህን ያለ ሰው ዝም ቢልም አላኮረፈም፤ ሌላው ምን ሆነ ብሎ አይጨነቅምና።

ዝምታውንም በማዕድ ገድቡት። ያኮረፈ ምሳው ራቱ ይሆነዋል እንደሚባለው የራባችሁ እናንተው ናችሁ። ቅር ቢላችሁም የሚቀጥለው ማዕድ አይታለፍ፤ የሚቀጥለው ቡናም እንዲሁ። ቀርቦ ዝም ማለት ይቻላል፤ አለመቅረብ ግን በየቀኑ ዋጋው ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቃል ይመልሰው የነበረ ሰው በሦስተኛው ቀን ራሱን ላለማሳፈር ብቻ ይቆያል፤ የተነሣበትን ነገር እንኳ ረስቶታል።

ሦስት ቀን ካለፋችሁ መውረጃው እንዲህ ነው። ብዙ ሰው የሌለበት ሰዓት ምረጡ፤ ሦስት ጎረቤት የተቀመጠበት አቦል አይሆንም። ቶና ላይ ሰው ሲቀንስ አንድ ተራ ነገር ተናገሩ፤ ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ሥራ። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ባለ ሦስት ክፍሉን ዓረፍተ ነገር አንሡ። ዕርቁን ሁለት ነገር ያፈርሰዋል፦ በታረቃችሁበት ቀን ሙሉ ሒሳብ መጠየቅ፣ እና ሌላው ሰው «እሰይ ተናገርክ!» ብሎ ሲቀልድ መልሶ መኮሳተር። ቀልዱን ዋጡት፤ እሱም መውጫ እየፈለገ ነው።

ጠይቃችሁ እምቢ ብትባሉስ? መንገዱ ሦስት ነው፦ መተው፣ አነስ ያለ ነገር መጠየቅ፣ ሦስተኛ ሰው መጨመር። ሽማግሌ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ተናግሬ እመታለሁ ወይም እባረራለሁ ብላችሁ ፈርታችሁ ዝም ካላችሁ ያ ኩርፊያ አይደለም፤ ራስን መጠበቅ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሳምንታት በዘለቀ ዝምታ ቤተሰብን የሚገዛ ሰው «እኔ እኮ አልሰደብኩም» ቢል ጭቆናው አይቀንስም።

ነገ ነገ ማለት

በአጭሩ፦ ሥራ የሚዘገየው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሲታሰብ የሚመጣው ኀፍረት ወይም ፍርሃት ስለሚሸሽ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን ላለማግኘት ሰኞ ገበያን ዞሮ ያልፋል። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ጀምሩት፣ ሰዓት ሙሉበት። የመጀመሪያው እርምጃ በአሥር ደቂቃ የማያልቅ ከሆነ ገና ትልቅ ነው፤ ቆርጣችሁ አሳንሱት። ዕዳውን መክፈል ሳይሆን ደውሎ «200 ብር ሐሙስ እሰጣለሁ» ማለት ነው የመጀመሪያው እርምጃ።

ሲበላሽ

ይበላሻል። ሁለት ሳምንት የታገሠ ሰው አንድ ቀን ይጮሃል፤ ውርርድ የተወ አንድ ቅዳሜ 50 ብር ያስይዛል። አደጋው ከዚያ በኋላ ባለው ሐሳብ ነው፦ «አንዴ ካፈረስኩትማ»። ማርላትና ጁዲት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን በዝርዝር ጽፈውታል፤ ሰውን ወደ ኋላ የሚመልሰው ከመጀመሪያው ስሕተት ይልቅ ለስሕተቱ የሰጠው ትርጉም ነው። 50 ብሩ 50 ብር ነው፤ የወሩን ደመወዝ የሚያስበላው «እኔ አልረባም» የሚለው ነው።

ጥገናው በ24 ሰዓት ውስጥ ይሁን። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፣ «ግን» አትጨምሩበት፣ የምትመልሱትን ተናገሩ። «ትናንት ልጆቹ ፊት ጮኽኩብሽ። ልክ አልነበርኩም። ዛሬ ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።» «አንቺም ግን ስታናድጂኝ» ከተጨመረ ይቅርታው ክስ ይሆናል። ራስን መስደብም ጥገና አይደለም። «እኔ እኮ ሰው አይደለሁም፣ ብሞት ይሻል ነበር» የሚለው ብዙ ጊዜ የተጎዳው ሰው መልሶ እንዲያባብላችሁ ይጠይቃል፤ ያ ራሱ የኩርፊያ ታናሽ ወንድም ነው። የመሞት ሐሳቡ እውነት ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

የሚያግዝ ሰው ማግኘት ይጠቅማል፤ በሳምንት 15 ደቂቃ ይበቃል። የትዳር ጓደኛ አይሁን፤ ዳኛና ተበዳይ አንድ ላይ አይሆኑም። የቡና ጎረቤትም አይመከርም፤ በረካ ሳይቀዳ ወሬው ሌላ ቤት ይደርሳል። ወዲያው «አብሽር፣ ምንም አይደል» የሚል ሰውም ለዚህ አይሆንም፤ ደግ ነው፣ ግን ያስረሳል። ደብተሩን ሰምቶ «ያቺ ቃል ደግሞ መጣች?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ምክር የሚቆጥብ ሰው ፈልጉ።

የጠባይ ጉዳይ ሳይሆን ሲቀር

ደብተርና ዕቅድ የማይበቃቸው ነገሮች አሉ። ለሳምንት ያህል እንቅልፍ ሳያስፈልግ ብርታትና ያለ ልክ ወጪ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ እጅ የሚያነሣ ቁጣ፣ መተው ያቃተ ጫት ወይም መጠጥ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከነካ ወዲህ ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥና ድንገተኛ ቁጣ የጀመረው ሰው ራሱን «ልጅ ሆንኩ» ብሎ አይውቀስ፤ የሚታከም ጉዳት ሊሆን ይችላል። በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ወደ ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት አጽፉ፤ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሰው ይዛችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። ጠበልም ዱዓም አብሮ ይሄዳል፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ አይቋረጥ።

መለኪያው

ስድስት ሳምንት ሲሞላ ያንኑ ባለ ስድስት ዓምድ ደብተር ለአንድ ሳምንት እንደገና ሙሉ። ግፊቱ ጠፍቶ እንዲገኝ አትጠብቁ፤ «ናቀኝ» የምትለዋ ቃል እንደ በፊቱ ትመጣለች። የምትቆጥሩት ሌላ ነው፦ ኩርፊያው ስንት ሰዓት ቆየ፣ ከቃሉ እስከ ድርጊቱ ስንት ደቂቃ አለፈ፣ ጥገናው በስንት ቀን ተደረገ። ሦስት ቀን የነበረው ወደ አንድ ከሰዓት ከወረደ ሥራው ይዟል፤ ያንኑ ዕቅድ ቀጥሉ። ካልወረደ አራተኛውን ዓምድ ተመልሳችሁ አንብቡ፤ ዕቅዱ የተቆረጠው ለተሳሳተ ሰዓት ወይም ለተሳሳተ ሰው ሊሆን ይችላል።